ክታብ ያልሆነው ማንጠልጠያ
(ስለ ሌሊት ሰዓት ለጀመዓችን ወጣቶች የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላህ። 

ከዚህ በታች የምታነበው በመስጊዳችን ከመግሪብ እስከ ኢሻ ባለው ጊዜ ለወጣቶች የተናገርሁት ነው። የኮሚቴው ወንድሞች ለመታሰቢያው መጽሐፍ እንድሰጣቸው ሲጠይቁኝ ብዙም ሳላስተካክል፣ አፌ እንደ ተናገረው ተውሁት። ነገሩ በአንገት ስለምትንጠለጠል አንዲት የነሐስ ዕቃ ነው። ዕቃይቱ ትንሽ ናት፤ ያመጣችብኝ ጣጣ ግን ትንሽ አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለንደን የምትኖረው የእህቴ ልጅ ልትጠይቀን መጥታ ከአንድ ሙዚየም መሸጫ የገዛችውን ስጦታ ሰጠችኝ። የጥንት መርከበኞች በከዋክብት የሌሊቱን ሰዓት ያውቁበት የነበረ መሣሪያ ቅጂ ሲሆን፣ በሰንሰለት አንገት ላይ እንዲንጠለጠል ተደርጎ የተሠራ ነው። ወርቅ አለመሆኑን አረጋግጬ ከሸሚዜ ሥር አንጠለጠልሁት። አንድ ቀን ለዙሁር ውዱእ ላደርግ ጎንበስ ስል ወጥቶ ተወዛወዘ። አጠገቤ የነበሩ አንድ አዛውንት ሐጂ እጃቸውን ከውኃው ሳያወጡ አፍጥጠው አዩኝና፣

«ምንድን ነው እሱ? በዚህ ዕድሜህ ክታብ ጀመርህ?» አሉኝ።

«ክታብ አይደለም ሐጂ፤ በከዋክብት ሰዓት የሚነግር ነው» ብዬ መለስሁ። መልሴ ነገሩን አባሰው።

«ጭራሽ ኮከብ ቆጣሪ ሆንህልን!»

ሰው ሰማ። አሱር ላይ አንድ ወጣት ወደ ጥግ ሳብ አድርጎኝ የዱባይ ጉዞው ይሳካ እንደሆነ እንዳይለት ለመነኝ። ያን ጊዜ ደነገጥሁ። ሐጂ በቁጣ የተናገሩትን እሱ ከልቡ አምኖ መጥቷልና። ማታውኑ ወደ ኢማማችን ሄጄ ዕቃውን አሳየኋቸው። አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «የሰማይን ጉዞ ለሶላት ወቅት ማወቅ ሌላ ነው፤ የሰውን ዕጣ እነግራለሁ ማለት ሌላ ነው። ሰዉ ግን ከአንገት ላይ ሲንጠለጠል ያየው ክታብን ብቻ ነው። አውልቀው፤ በእጅህ ይዘህ አስረዳቸው» አሉኝ። እነሆ ይህ ንግግር የመጣው ከዚያ ትእዛዝ ነው።

በቅድሚያ ዕቃው ምን እንደሆነ ልንገርህ። ፈረንጆች ኖክተርናል ይሉታል፤ እኛ የሌሊት ሰዓት ብንለው ይበቃል። በአውሮፓ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ የሚታወቅ ሲሆን፣ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት መርከበኞች በሰፊው ይይዙት ነበር። የድሮዎቹ ከእንጨት ወይም ከነሐስ ይሠሩ ነበር፤ መዳፍ የሚሞሉ ነበሩ። የእኔዋ ቅጂ ግን ከትልቅ ሳንቲም ብዙም አትበልጥም። ሁለት ተደራራቢ ክቦች አሏት። በታችኛው ላይ ወራትና ቀናት ተቀርጸዋል፤ በላይኛው ላይ ሰዓታት። የላይኛው ክብ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፤ አንዱ ጥርስ ከሌሎቹ ይረዝማል። ይህ ለጌጥ አይደለም። ባሕር ላይ በጨለማ የቆመ ሰው ቁጥሩን ማንበብ ስለማይችል ከረዥሙ ጥርስ ጀምሮ በጣቱ እየዳሰሰ እንዲቆጥር ነው። በመካከሉ ቀዳዳ አለ፤ ከቀዳዳው ዙሪያ የሚሽከረከር ረዥም ክንድ ተያይዟል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ረዥሙን ጥርስ ከዕለቱ ቀን ጋር ታገጥማለህ። እጅህን ዘርግተህ በቀዳዳው የሰሜንን ኮከብ ታያለህ። ከዚያም ክንዱን እያዞርህ በታላቁ ድብ ውስጥ «ጠቋሚዎቹ» ከሚባሉት ሁለት ከዋክብት ጋር ታስተካክለዋለህ። ክንዱ የተኛበት ጥርስ ሰዓቱን ይነግርሃል። ሰማዩ በሰሜን ኮከብ ዙሪያ እንደ አንድ ትልቅ የሰዓት ፊት ስለሚዞር ጠቋሚዎቹ እንደ ቆጣሪ እጁ ናቸው ማለት ነው። ቀኑን ማገጠም ያስፈለገው ይህ ዙር 24 ሰዓት ሳይሞላ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ስለሚያልቅ ነው። በየቀኑ 4 ደቂቃ፣ በወር 2 ሰዓት ይቀድማል።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን የሚል ይኖር ይሆናል። የከዋክብቱን ስም ተመልከት። ከጠቋሚዎቹ አንዱ ዛሬም በፈረንጆቹ መጽሐፍ «ዱቤ» ይባላል፤ ከዐረብኛው «ዱብ» የመጣ ነው፤ ድብ ማለት ነው። «አልደባራን» ተከታዩ ማለት ነው፤ «ሪጀል» እግር ማለት ነው። በሙስሊሙ ዓለም ደግሞ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በግብፅ መስጊዶች ውስጥ «ሙወቂት» የሚባል፣ ሥራው የሶላትን ወቅት በሒሳብና በመሣሪያ ማወቅ የሆነ ሰው ይመደብ ነበር። በደማስቆ ታላቁ የኡመያ መስጊድ ሙወቂት የነበረው ኢብን አሽ-ሻጢር እ.ኤ.አ. በ1375 የሞተ ሲሆን፣ ከዘመኑ ታላላቅ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት አንዱ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልነግርህ የምሻው ስለ ሸኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ነው። በካይሮ በአል-አዝሐር ከእኛ ምድር ለሄዱ ደረሶች ማደሪያ የሆነ «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የሚባል ክፍል ነበር። የሸኽ ሐሰን ቅድመ አያቶች ከብዙ ትውልድ በፊት ከዘይላ በስተጀርባ ካለው የጀበርት አገር ተሻግረው የዚህ ሪዋቅ አለቆች ሆኑ፤ አለቅነቱም እየተወረሰ እስከ እሳቸው ደረሰ። ሸኽ ሐሰን የፊቅህ ሊቅ ብቻ አልነበሩም። ሒሳብን፣ ጂኦሜትሪንና የሰዓት አወሳሰንን ያስተምሩ ነበር፤ በእብነ በረድ ላይ የፀሐይ ሰዓት በእጃቸው እየቀረጹ በአል-አዝሐርና በሌሎች መስጊዶች አኑረዋል፤ ስለ ሚዛን ትክክለኛነትም ጽፈዋል። በ1159 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1746) ጂኦሜትሪ ሊማሩ ፈረንጆች ወደ እሳቸው ይመጡ እንደነበር ልጃቸው መዝግቧል። ልጃቸው ማለት ናፖሊዮን ግብፅ ሲገባ በዓይኑ አይቶ የጻፈው ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ነው። ሸኽ ሐሰን እ.ኤ.አ. በ1774 ዐረፉ። እንግዲህ ዛሬ በአገራችን በተለይ የሰሜን ሙስሊሞች የሚጠሩበት «ጀበርቲ» የሚለው ስም በካይሮ ከሰዓት ዕውቀት ጋር አብሮ ይነሣ ነበር። ይህን ለሐጂ ባጫወትኋቸው ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያው ዕቃህን እንሞክረው» አሉኝ።

ሙከራው የተደረገው በዚያው ዓመት በጥቅምት አጋማሽ ነው። ዝናሙ አልፎ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ ጥበቃው የሚያውቀን አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ አለ። ሐጂ በየፎቁ እየዐረፉ ጣራው ላይ ወጣን። ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ዙሪያው የሆቴልና የመንገድ መብራት ነው። ወደ እንጦጦ ዞሬ በቀዳዳው ብመለከት አንዳች የለም። የሰሜኑን ኮከብ በስንት ፍለጋ ከሸንተረሩ አናት አንድ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ ጭስ ውስጥ እንዳለ ፍም ደብዝዞ አገኘሁት። ጠቋሚዎቹ ግን ፈጽሞ የሉም።

አፈርሁ። ምክንያቱን ያወቅሁት ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ስሠራ ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ከፍ የሚለው የአገሩን ኬክሮስ ያህል ነው። ለንደን ላይ ከ51 ዲግሪ በላይ ስለሚቆም ታላቁ ድብ ዓመቱን ሙሉ አይጠልቅም። አዲስ አበባ ላይ ግን 9 ዲግሪ ብቻ ነው፤ እጅህን ዘርግተህ ጡጫህን ብትጨብጥ የጡጫህን ስፋት ያህል አይሞላም። ስለዚህ ታላቁ ድብ እኛ ዘንድ ይወጣል፣ ይጠልቃል። በጥቅምት ምሽት ከመሬት በታች ነው። ዕቃው አልዋሸም፤ ግን የተሠራው ለሌላ ሰው ሰማይ ነው።

ሐጂ ያን ሌሊት አልሳቁብኝም። ጀርባቸውን ለእንጦጦ ሰጥተው ወደ ምሥራቅ ዞሩ። «እኛ ወሎ እያለን በዚያ በኩል ማን ያያል?» አሉ። ልጅ ሳሉ በሰፈራቸው ለሱሁር የሚቀሰቅሱት እሳቸው ነበሩ ለካ፤ ቆርቆሮ እየመቱ። ሰዓት የሚባል ነገር በመንደሩ አልነበረም። ከአድማስ ከፍ ብላ ወደ ታየችው የከዋክብት ክምችት አመለከቱኝ፤ «ሱረያ ናት። የልጄን ስም ከየት ያመጣሁት መሰለህ?» አሉ። ከእሷ በታች ቀላ ያለው ተከታይዋ ነው፤ ከዚያ በኋላ በአንድ መስመር የተሰለፉት ሦስቱ ብቅ ይላሉ። «ሦስቱ አናትህ ላይ ሲደርሱ ተነሥ» ብለው አባታቸው አስተምረዋቸው ነበር።

ይህንንም በሒሳብ መረመርሁት። ሦስቱ ከዋክብት ከምድር ወገብ ትይዩ ስለሚሄዱ እኛ ዘንድ አናት ላይ ሊደርሱ ጥቂት ነው የሚቀራቸው። በጥቅምት አጋማሽ ከፍተኛ ቦታቸው ላይ የሚደርሱት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ ለተሀጁድም ለሱሁርም የተመቸ ሰዓት። በኅዳር አጋማሽ 8 ሰዓት፣ በታኅሣሥ አጋማሽ 6 ሰዓት፣ በጥር አጋማሽ 4 ሰዓት ላይ ይሆናል። በወር 2 ሰዓት ያልሁህን አስታውስ። ሐጂ ይህን በቁጥር አይናገሩትም እንጂ «በየወሩ ይቸኩላሉ» ብለው ያውቁታል።

ይሁን እንጂ የነሐሷን ዕቃ ጨርሰን አልጣልናትም። በዚያው ዓመት ረመዷን የገባው በመጋቢት መጀመሪያ ነበር። በመጋቢት ታላቁ ድብ ሌሊቱን አብዛኛውን ጊዜ ከአድማስ በላይ ነው። ደመና የሌለባት አንዲት ሌሊት ጠብቀን እንደ ገና ወጣን፤ በዚህ ጊዜ አራት ወጣቶችም ተከተሉን፤ ከነሱ አንዱ የዱባዩ ነው። ክንዱን ከጠቋሚዎቹ ጋር ሳስተካክል ዕቃይቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ45 አለች። ስልኬ 10 ከ20 ይላል። ወጣቶቹ ሳቁ። ነገር ግን ከ35ቱ ደቂቃ 25ቱ ስሕተት አይደለም። የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከዚያ በስተምዕራብ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ የእጅ ሰዓታችን ከሰማዩ 25 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። የዙሁር አዛን ከቀኑ 6 ሰዓት አልፎ የሚሆነው ለምንድን ነው ብለህ ጠይቀህ ከነበረ መልሱ በአብዛኛው ይኸው ነው። የቀረችው 10 ደቂቃ የእኔ እጅ መንቀጥቀጥና የዕቃዋ ትንሽነት ናት።

ፈጅርን ግን በዚህች ዕቃ እወስናለሁ እንዳትል። ፈጅር በምሥራቅ አድማስ ላይ በሚዘረጋው ብርሃን ነው የሚታወቀው፤ ከዋክብቱ ጊዜው መቃረቡን ይነግሩሃል እንጂ መግባቱን አይነግሩህም። መንገዱ በመብራት በተጥለቀለቀበት ሰፈር ያን ብርሃን መለየት ራሱ ከባድ ነውና የኮሚቴያችንን የሰዓት ሰሌዳ ተከተል።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ልቀር ነበር። በጣራው ላይ ከወጣቶቹ አንዱ ዕቃዋን ይዞ ወደ ሰሜን ኮከብ ሲያነጣጥር ሐጂ ትከሻውን ያዙና፣ «አሁን የቆምህበትን እይ፤ ሶላት ላይ የቆምህ አትመስልም?» አሉት። እውነት ነው። መካ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ናት፤ ቂብላችን ከትክክለኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ኮከቡን ፊት ለፊት አድርገህ ወደ ቀኝ ሁለት ሦስት ጣት ብታዘነብል ወደ ካዕባ ዞረሃል። በዚያው አቅጣጫ እንጦጦ ላይ በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ የአንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት ጣቢያ አለ። በቀን አምስት ጊዜ ወደዚያ ስንዞር ኖረናል፤ ስንቶቻችን ወጥተን አይተነዋል?

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከጀመዓችን ብዙ ሰው ተበተነ። ሐጂም ከከተማው ዳር ወደ ደረሳቸው ቤት ሄዱ። ለጁሙዓ ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ኋላ ጉልበታቸው እንቢ አለ። ሽኝት ስናደርግላቸው የነሐሷን ዕቃ ልሰጣቸው ብፈልግ አልቀበል አሉኝ። «ለልጆቹ ትሁን፤ እኔማ አለኝ» አሉ። ዛሬ ዕቃይቱ በመስጊዳችን የኪታብ ሣጥን ውስጥ ናት፤ የፈለገ ወጣት ፈርሞ መውሰድ ይችላል። ጥቅምትና ኅዳርን ትቶ ከጥር በኋላ ቢወስዳት ይሻለዋል።

በ2018 ዓ.ም. በጥቅምት አጋማሽ አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ሌሊት የሚጮህ ስልክ ምን እንደሚያስደነግጥ ታውቃለህ። ሐጂ ናቸው።

«ደኅና ነዎት ሐጂ?»

«ደኅና ነኝ። ደጅ ወጥቼ ነው። እዚህ መብራት የለም፤ ወሎ ያለሁ መሰለኝ። ሦስቱ አናቴ ላይ ደርሰዋል። ያንተ ሰዓት ስንት ይላል?»

«10 ሊሆን ሰባት ደቂቃ ይቀረዋል።»

«እንግዲያው ተነሥና ስገድ» ብለው ዘጉት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።