ባጃጅ ስንገዛ ከዋጋው በላይ የምንከፍለው



በየሳምንቱ ያጠራቀምነው ገንዘብ አዲስ ባጃጅ ለመግዛት ሊበቃ ጥቂት ቀርቶታል። ከአርጆ ነቀምቴ ሄደን ዋጋ ስንጠይቅ፣ ሻጩ በቃል የነገረን አንድ፣ ወረቀት ላይ የጻፈልን ሌላ ሆነ። ስለዚህ ጭማሪውን አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዋጋው ከነቫቱ ነው?» ተብሎ ነው። ቫት ከመቶ 15 ነው። ለምሳሌ 400,000 ብር ተብሎ ቫቱ ለብቻ ከሆነ፣ የምንከፍለው 460,000 ብር ነው። 60,000 ብር ከመካከላችን ለስንቷ የንግድ መነሻ ይሆናል! ቫቱ የመንግሥት ስለሆነ አንከራከርበትም፤ ደረሰኙን ሳንይዝ ግን አንወጣም። «ያለ ደረሰኝ ላርክስላችሁ» ለሚለንም፣ ሊብሬውን በማህበሩ ስም ስናወጣ ምን ልናቀርብ ነው?

የሰሌዳ ክፍያም አይቀርም። የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ባጃጃችን መንገደኛ ቢገጭ ለተጎጂው የሚደርሰው እሱ ነው።

የወንበር ልብስ፣ ቴፕና ጌጣጌጥ ግን ማንም አያስገድደንም። «አብሮ ነው የሚሸጠው» ከተባልን፣ ዋጋው ለየብቻ ይጻፍልን፤ ያልፈለግነው ይነሳ። «ጉዳይ ማስፈጸሚያ» የሚሉትም ቢሆን የሰው ድካም ዋጋ እንጂ ግብር አይደለም። ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ራሳችን ሄደን መጨረስ እንችላለን። ደላላ ከገባም ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል ቀድሞ ይነገር።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ከሦስት ሻጮች ዝርዝሩ በጽሑፍ፣ የመጨረሻው ድምር ከታች ሰፍሮ ይቀርባል። ያን ዕለት እጅ አውጥተን እንወስናለን።