በትየርኪዲ ስላሉ አረጋውያን የልብ ኀዘን
(በደብሩ ኢዮቤልዩ ቀን የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ስለ ወባ ልናገር አስቤ ነበር። ነገር ግን ስለ ወባ ብዙ ጊዜ ስለ ሰማችሁ፥ ሰው ሕመም ነው ብሎ ስለማይቈጥረው ነገር፥ ይኸውም በእርጅና ዘመን ስለሚመጣው ድባቴ መናገርን መረጥሁ።

በኢታንግ ወረዳ ትየርኪዲ የሚባል የስደተኞች መጠለያ እንዳለ ታውቃላችሁ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ድንበር ተሻግረው ለመጡት ሰዎች በዚያው ዓመት የተከፈተ ነው። የሚበዙት ኑዌሮች ናቸው። የኑዌር ሽማግሌ ሀብቱም ክብሩም ከብቱ ነው፤ ልጁን የሚድረው፥ የደም ጠብንም የሚያበርደው በከብት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከብቱን አጥቶ እህል ለመቀበል ሲሰለፍ፥ የጠፋበት ገንዘብ ብቻ አይደለም።

እኔ የሠራሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። በግንባራቸው ላይ ስድስቱ የጎልማሳነት መስመር ያለባቸው አንድ አዛውንት ሦስት ጊዜ ወደ እኔ መጡ። አንድ ጊዜ ወገቤን፥ አንድ ጊዜ ሆዴን፥ በመጨረሻም እንቅልፍ አጣሁ አሉኝ። ሦስት ጊዜም ማስታገሻ ሰጥቼ አሰናበትኋቸው። አስተርጓሚው፥ ገና ልጅ ሲሆን ከእኔ ይልቅ አስተዋይ ነበርና፥ «እኚህ ሰው እኮ ከሰው ጋር መቀመጥ ትተዋል» አለኝ። ያን ጊዜ ጠየቅሁ። ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ነቅተው እስኪነጋ ያስባሉ፤ እህል አይጣፍጣቸውም፤ ሞትንም ይመኛሉ።

ሞትን ትመኛለህን ብሎ መጠየቅ አሳቡን ያመጣበታል የሚሉ አሉ፤ አያመጣበትም። የንስሓ አባቶች ይህን ከሐኪም ቀድማችሁ ትሰማላችሁ። ምሥጢሩን ሳትገልጡ፥ ራሱን አሳምናችሁ፥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ ብቻውንም አትተዉት። ጠበል የሚጠመቅ ቢሆን መድኃኒቱን እንዳይተው ንገሩት፤ ከእናንተ አፍ ሲሰማው ይቀበላል።

«እርጅና ነው» ማለት ግን ይቅር። ደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ መድከም ድባቴን ይመስላሉና አስቀድሞ እነርሱን መመርመር ይገባል። መርሳትም ሁሉ የጅጅት አይደለም፤ ልቡ ያዘነ ሽማግሌ ነገር ይረሳል፥ ሲድንም ያስታውሳል።

በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ከሚሰጡት መድኃኒቶች አሚትሪፕቲሊን ለሽማግሌ ክፉ ነው፤ ያዞራል፥ ሽንት ያግዳል፥ ልብንም ይጐዳል። ፍሉኦክሰቲን ይሻላል፤ ከ10 ሚሊግራም ይጀመራል። እስኪሠራ አራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፥ ብዙ ሰውም በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። ከዳነ በኋላም ከ9 እስከ 12 ወር ይቀጥላል።

ነገር ግን ክኒን ጎረቤት አይሆንም። በዚምባብዌ አገር ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በ1998 ዓ.ም. ገደማ 14 አሮጊቶችን አስተምረው፥ በጤና ጣቢያ ደጅ ባለ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው የታመመውን እንዲያዳምጡ አደረጉ። ሥራውም ተመርምሮ የሚጠቅም ሆኖ ተገኘ። እኛ አግዳሚው ወንበርም አሮጊቶቹም አሉን።

እኚያ አዛውንት አሁን ከሰዓት በኋላ ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። በመጠለያው ለተወለዱ፥ የራሳቸው በሬ ላልነበራቸው ልጆች፥ የከብትን ቀለም ስም ያስተምራሉ። ወገባቸው ግን እስከ ዛሬ ያማቸዋል።