ሦስት ባትሪ በ26 ወር
(በጨለለቂ በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናወራው ስለ መኪና ባትሪ ነው። ሒሳብ ክፍሉን ከባትሪ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ አትጠፉም። ያገናኘን መዝገቡ ነው። የዓመቱን ሒሳብ ስንዘጋ በሚኒባሷ ወጪ ሥር “ባትሪ” የሚለው ቃል በ26 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጽፎ አገኘነው። የመጀመሪያው 14 ወር ሠራ፤ ሁለተኛው 8 ወር። ሦስተኛው በ4ኛ ወሩ፣ በአንድ የታኅሣሥ ማለዳ፣ ተማሪዎቹ ቦርሳቸውን አንግተው በር ላይ ቆመው ሳለ መኪናዋ አልነሣ አለች። ወላጆች ባጃጅ ፈለጉ፤ ከወሩ የኮንትራት ገቢም ተቀነሰብን። የብድሩ ዙር የሚሞላው ከዚያ ገቢ ስለሆነ፣ የሁለት እኅቶቻችን ተራ ወደሚቀጥለው ወር ተገፋ።

ከዚህ የባሰውንም ሳንናገር አናልፍም። ሁለተኛው ባትሪ ሲሞት ሾፌራችንን ጠረጠርን። “አዲሱን ሸጠው አሮጌ ተክተው ይሆናል” ተባለ። የአንድ ወር ደመወዛቸው ግማሹ ተቆረጠ፤ በቃለ ጉባኤም ሰፈረ። እሳቸው አልተከራከሩንም።

ሦስተኛው ሲደክም ግን ኤሌትራውቶ ጠራን። መኪናዋ በግፊ ተነሣች፤ መለኪያውን ሰክቶ ዲናሞው 14 ቮልት እንደሚሰጥ አየ። ደህና ነው። ከዚያ “እኅቶቼ፣ ይህን ባትሪ ለሌላ ነገር ትጠቀሙበታላችሁ?” አለን። ዝም አልን። መብራት በጠፋ ቁጥር ከመኪናዋ ወደ አዳራሹ ሽቦ ስበን የድምፅ ማጉያውንና ሁለት አምፖል የምናሠራው እኛው ነን። ሌባው ተገኘ ማለት ነው።

ሒሳቡን እንየው። ባትሪው ላይ 45 አምፒር-ሰዓት የሚል ተጽፏል። ይህ የተለካው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ እያለ ሲያልቅ ነው፤ ማለትም 2.25 አምፒር ለ20 ሰዓት። ማጉያውና አምፖሎቹ በጠቅላላው 80 ዋት ይወስዳሉ። 80ን ለ12 ቮልት ስናካፍል ወደ 7 አምፒር ይጠጋል። ሦስት ሰዓት ስንሰበሰብ 20 አምፒር-ሰዓት አወጣን፤ ከባትሪው ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በማግሥቱ መኪናዋ ከጨለለቂ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ ብትል በዚያ አጭር መንገድ የወጣው አይመለስም። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ዝግተኛ ነው፤ ሰዓታት ይፈልጋል። ሳይሞላ ሲቀመጥ ደግሞ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ነገር ይጠነክርና ባትሪው የሚይዘው በየጊዜው እያነሰ ይሄዳል።

እኛን የገረመን ማስነሻው ነው። ሞተሪኖው ሲዞር 200 አምፒር ያህል ሊስብ ይችላል፤ ግን ለሦስት ሰከንድ። ተባዝቶ ለሰዓት ሲካፈል የአንድ አምፒር-ሰዓት አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። መኪና ማስነሣት ባትሪን አያራቁትም፤ የሚጠይቀው በአንዴ ብዙ እንዲሰጥ ነው። እንስራና ባልዲን አስቡ። እንስራ ብዙ ይይዛል፤ አንገቱ ግን ጠባብ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይቀዳል። ባልዲ ሲገለብጡት በአንዴ ይደፋል። የመኪና ባትሪ ሳህኖቹ ስስና ብዙ ናቸው፤ ባልዲ ነው። የሶላር ባትሪ ሳህኖቹ ወፍራም ናቸው፤ እንስራ ነው። እኛ በባልዲው የእንስራ ሥራ አሠራነው።

ሁለተኛው ጥፋት የግዢ ነው፤ ይህም የኛ ነው። የመኪናዋ መጽሐፍ 70 አምፒር-ሰዓት ይላል። ናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ይልቅ ለመዞር ይከብዳል፤ በታኅሣሥ ብርድ ደግሞ ዘይቱ ይወፍራል። እኛ ግን ሦስቱንም ጊዜ ዋጋ አወዳድረን 45 ገዛን። ለግዢ ኮሚቴው የዋጋ ማወዳደሪያ ቅጹን ያዘጋጀነው እኛ ሒሳብ ክፍሎች ነን፤ በቅጹ ላይ “አቅም” የሚል ዓምድ አልነበረም። አንዱ ባትሪ 8,000 ብር፣ ሌላው 12,000 ብር ነው እንበል። ባለ 8,000ው 8 ወር ቢሠራ በወር 1,000 ብር ፈጀ፤ ባለ 12,000ው 36 ወር ቢሠራ 333 ብር። አሁን ዓምዱ ገብቷል።

ባትሪ ስትገዙ ከአምፒር-ሰዓቱ ሌላ የማስነሻ አቅሙን እዩ፤ ሲሲኤ በሚሉ ፊደላት አጠገብ ይጻፋል። ይህ ቁጥር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ለ30 ሰከንድ ስንት አምፒር እንደሚሰጥ ይናገራል። ነቀምቴ እንደዚያ አይበርዳትም፤ ቁጥሩ ግን ሁለት ባትሪዎችን ለማወዳደር ይረዳል። መጽሐፉ ከሚለው ትንሽ ቢበልጥ አይጎዳም፣ ማስቀመጫው ላይ ከገባ። ፖዘቲቩ በየት በኩል እንደሆነ ሳያዩ ገዝተው ሽቦው አጥሮባቸው የተመለሱ አሉ። የተሠራበትን ቀንም ጠይቁ፤ ባትሪ መደርደሪያ ላይም ያረጃል። ሻጩ ፊት በመለኪያ ይለካ፦ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12.4 በታች ከሆነ አትቀበሉ። ወደ ዴዴሳ ቆላ የምትመላለሱ ደግሞ ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ከብርድ ይልቅ እንደሚያሳጥር እወቁ።

ለሾፌራችን የተቆረጠባቸው ተመልሷል። ገንዘቡን ተቀብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ “በቃለ ጉባኤ የተጻፈው በቃለ ጉባኤ ይነሣልኝ።” ባለፈው ስብሰባ ተነሥቷል፤ በዚህ መጽሔትም እንዲታተም ያደረግነው ያንን ቃለ ጉባኤ ያነበቡ ሁሉ ይህንንም እንዲያነቡ ነው።

ሦስቱ አሮጌ ባትሪዎች ከቢሮው ጀርባ ተቆልፎባቸዋል። እርሳስና አሲድ ስለሆኑ ለቆራሌው አይሰጡ፤ ልጆችም እንዳይደርሱባቸው። ለአዳራሹ የሶላር ባትሪ መግዛት ለሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ ተይዟል። እስከዚያ መብራት ከጠፋ በሻማ እንሰበሰባለን።