ጨዉ የት ሄደ?

(በቦርደዴ ለጎልማሳ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ፊደል ለይታችኋል፤ ጽሑፍ አንብባችሁ ትረዳላችሁ። ዛሬ ደግሞ ሌላ ዓይነት ንባብ አብረን እንለማመድ። ይኸውም በዓይናችን ፊት የሚሆነውን ነገር አይቶ ትርጉሙን ማወቅ ነው። ሙከራ ይባላል። የሚያስፈልገን ሦስት ብርጭቆ፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ጨው፣ ስኳርና አሸዋ ብቻ ነው።

በሦስቱም ብርጭቆ እኩል ውኃ እናድርግ። በአንደኛው አንድ ማንኪያ ጨው፣ በሁለተኛው አንድ ማንኪያ ስኳር፣ በሦስተኛው አንድ ማንኪያ አሸዋ ጨምረን እናማስል። ጥቂት ቆይተን ስናይ አሸዋው ከሥር ተቀምጧል። ጨዉና ስኳሩ ግን አይታዩም። እኛ በዕለት ንግግራችን «ቀለጠ» እንላለን፤ በትምህርት ግን «ሟሟ» ይባላል። መቅለጥ ቅቤ እሳት ሲነካው የሚሆነው ነው። መሟሟት ግን ያለ እሳትም በውኃ ውስጥ ተበትኖ፣ በዓይን እስከማይታይ ደቅቆ መቀላቀል ነው።

እንግዲህ ጨዉ የት ሄደ? «ጠፋ» የሚል ይኖራል። እስቲ እንፈትነው። ውኃውን ብንቀምሰው ጨው ጨው ይላል። ሆጃ ውስጥ የገባን ጨው ዓይን ባያየውም ምላስ ያውቀው የለ? ነገር ግን የምንቀምሰው ጨው መሆኑን ስለምናውቅ ብቻ ነው። ዩሪያ ማዳበሪያም ነጭ ነው፤ እሱም በውኃ ይሟሟል። ያላወቁትን መቅመስ አደጋ አለው።

ሁለተኛ ማስረጃ እንፈልግ። ከጨዉ ውኃ ጥቂቱን በዝርግ ሳህን አድርገን ፀሐይ ላይ እናስቀምጥ። የቦርደዴ ፀሐይ እንደሆነ አይሰንፍም። ውኃው ሲደርቅ ነጭ ነገር ሳህኑ ላይ ይቀራል፤ እሱ ጨዉ ነው። በአፋር፣ በአፍዴራ ሐይቅ ዳር ጨው የሚመረተውም በዚሁ መንገድ ነው።

ሦስተኛ፣ የአሸዋውንና የጨዉን ውኃ ለየብቻ በንጹሕ ጨርቅ እናጥልል። አሸዋው ጨርቁ ላይ ይቀራል። ጨዉ ግን ከውኃው ጋር አብሮ ያልፋል።

ከዚህ ምን እንደመድማለን? እዚህ ላይ እንጠንቀቅ። ድምዳሜ ሙከራው ካሳየው ማለፍ የለበትም። ሙከራችን «ጥርት ያለ ውኃ ሁሉ መጥፎ ነው» አላለም። «ማጥለል ዋጋ የለውም» አላለም፤ አሸዋውን አስቀርቷልና። ያሳየን ይህን ነው፦ የሟሟ ነገር አይታይም እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ውኃ ጥርት ብሎ መታየቱ ብቻ በውስጡ ምንም እንደሌለ አያስረዳም።

ይህ ጉዳይ ጤናችንን ይነካል። ከዚህ በአዋሽ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ መተሐራ አለ፤ ከዚያም ወዲያ ወንጂ። በስምጥ ሸለቆ ባሉ በእነዚህ አገሮች፣ በብዙ ቦታ ከመሬት በሚወጣው ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ከአለቱ ሟሙቶ ይገኛል። ውኃው ጥርት ያለ ነው። ፍሎራይዱን ዓይንም ምላስም አያውቀውም። ሲበዛ ግን የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ለብዙ ዓመታት የጠጣውን ሰው ደግሞ አጥንቱንና መገጣጠሚያውን ይጎዳል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ የጉድጓድ ውኃ ይጠጡ ከነበሩት ሠራተኞችና ልጆቻቸው ብዙዎቹ በዚህ ተጎድተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር ውኃ 1.5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ነው።

«ብናፈላውስ?» ትሉ ይሆናል። ማፍላት ተቅማጥ የሚያመጡትን ተህዋስያን ይገድላል፤ ስለዚህ የወንዝና የኩሬ ውኃ አፍልተን እንጠጣ። የሟሟውን ማዕድን ግን አያወጣም። ሳህኑን አስታውሱ፤ ውኃው ሄደ፣ ጨዉ ቀረ። ፍሎራይድን የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። በአካባቢያችሁ አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር «ውኃው ተመርምሯል ወይ? ፍሎራይዱ ስንት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ውጤቱ በወረቀት ተጽፎ ይመጣል፤ ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡና ከ1.5 ጋር አስተያዩት።

ለቤት ሥራ፦ አመድ በውኃ በጥብጡና በጨርቅ ደጋግማችሁ አጥልሉት። ጥርት ብሎ የወረደውን ውኃ በሳህን ፀሐይ ላይ አድርቁት፤ አትቅመሱት። ሳህኑ ላይ ምን ቀረ? ከአመዱ ውስጥ የሟሟ ነገር ነበረ ወይስ አልነበረም? ማስረጃችሁስ ምንድን ነው?