የድንጋዩ ድንኳን፦ የሪቻርድ በርተን መቃብር የማን ቃል ነው?



በመቃብር ላይ የቆመን ሐውልት የሟቹ ታሪክ አድርገን ማንበብ ለምደናል። እኔ ግን ዛሬ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ የምሻው፣ ሐውልት አብዛኛውን ጊዜ የቋሚ ቃል መሆኑን ነው። ምሳሌዬ በለንደን፣ በሞርትሌክ፣ በቅድስት ማርያም መግደላዊት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚገኘው የሪቻርድ በርተን መቃብር ነው።

እኛ በርተንን የምናውቀው በሐረር በኩል ነው። በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማዪቱ ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ቆየ፤ በቀጣዩ ዓመትም ጉዞውን በመጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ቀደም፣ በ1853፣ ሙስሊም መስሎ መካን ጎብኝቶ ነበር። በጥቅምት 1890 በትሪየስቴ ሲያርፍ የቀብሩ ነገር በባለቤቱ በኢዛቤል እጅ ወደቀ። እርሷ አጥባቂ ካቶሊክ ነበረች፤ እርሱ ግን ለአንድ ሃይማኖት በቀላሉ የሚመደብ ሰው አልነበረም።

መቃብሩ የተሠራው በዐረብ ድንኳን አምሳል ነው፤ የጨርቁ እጥፋት ሳይቀር በድንጋይ ተቀርጿል። ከመግቢያው በላይ ስቅለት፣ በጠርዙ ዙሪያ ጨረቃና ኮከብ ይታያሉ። በውስጡ የግመል ቃጭሎች ተሰቅለዋል። በስተኋላ ባለው መሰላል ወጥቶ በመስኮቱ የተመለከተ ሰው ሁለት የሬሳ ሣጥኖች ያያል፤ ኢዛቤል በ1896 ዐርፋ ከባሏ አጠገብ ተቀብራለችና።

ድንኳን የመንገደኛ ቤት ነው፤ ሲነጋ ይነቀላል። ይህኛው ግን በድንጋይ ተተክሎ፣ በመስቀል ታትሞ፣ ተጓዡን ለዘለዓለም ከአንድ ስፍራና ከአንድ እምነት ጋር አስሮታል። ያችው ሴት ባሏ ያላሳተመውን የመጨረሻ የትርጉም ሥራውን አቃጥላለች፤ በ1893 ደግሞ የሕይወት ታሪኩን ጽፋ አሳትማለች። ወረቀቱን ያቃጠለችው፣ ታሪኩን የጻፈችው፣ ድንጋዩን ያቆመችው አንዲት ሴት ናት። ፍቅሯን አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ ፍቅርም ቢሆን መርጦ ያስቀራል፣ መርጦ ያስወግዳል።

ስለዚህ በሐውልት ፊት ስትቆሙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን አሠራው? ምን ከምን በላይ ተቀመጠ? የጠፋውስ ምንድን ነው? ጥያቄው ለበርተን መጽሐፍም ይሠራል። ሐረርን በበርተን ቃል ብቻ ያነበበ ሰው፣ በርተንን በኢዛቤል ድንጋይ ብቻ እንዳነበበ ሰው ነውና።