ኢጃዛችንን ለነጯ ወፍ፦ በኦርማን የአትክልት ስፍራ በስልክ ፎቶ ማንሳት

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ደመወዝ አይደለም፤ ስለ መኖሪያ ፈቃድም አይደለም። ስለ ወፍ ፎቶ ነው። «ምነው፣ ሌላ ጭንቀት አጣሽ እንዴ?» የምትሉ እንዳላችሁ ፊታችሁ ይናገራል። ሳቁ፣ ችግር የለም። ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ፤ ነገሩ ከክፉ ቀን ሣጥናችን ጋር ይገናኛል።

ሁላችንም የምናውቀውን ልናገር። ኢጃዛ ያገኘ ሰው በሳምንት አንድ ቀን አለው። ያቺ ቀን እንዴት ነው የምታልቀው? ግማሿ በእንቅልፍ፣ ግማሿ አምስት ስድስት ሆነን በተከራየናት ክፍል ውስጥ ስልክ ላይ ተደፍተን። ሳምንቱን የሰው ቤት ስናጸዳ፣ የሰው ልጅ ስንጠብቅ፣ የሰው አዛውንት ስናነሳ ስናስተኛ እንሰነብታለን። የራሳችን በሆነችው ቀን ደግሞ ዓይናችን የሚያርፍበት የለም። ከአገር ሲደወል «ካይሮ እንዴት ናት?» ይሉናል። ምን እንበል? የምናውቀው ወጥ ቤቱንና የማዳምን በረንዳ ነው እኮ።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው፤ ዓርብ ጠዋት አብረን ወደ ኦርማን እንሂድ፤ ስልካችንን ይዘን ወፍ እናንሳ።

ቦታው

ኦርማን ጊዛ ውስጥ፣ ከካይሮ ዩኒቨርሲቲ ብዙም ሳይርቅ ያለ የአትክልት ስፍራ ነው። ስሙ ቱርክኛ ነው፤ «ደን» ማለት ነው። የተተከለበት ዓመት ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. 1875 ነው፤ ያስተከለው ኬዲቭ እስማኤል ሲሆን፣ የቤተ መንግሥቱ አትክልት ነበር። ታሪክ የተማራችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። በዚያው በ1875 በጉንደት፣ በዓመቱ በ1876 ደግሞ በጉራዕ የአፄ ዮሐንስ ጦር ድል ያደረገው የዚህን ሰው ሠራዊት ነው። አትክልቱ በኋላ ለሕዝብ ተከፈተ። ከየአገሩ የመጡ ዛፎች አሉት፤ ሎተስ አበባ ያለበት ኩሬ አለው፤ በጸደይ የአበባ ትርኢት ሲደረግበት ቆይቷል። ስፋቱ 28 ፌዳን ገደማ ነው፤ ወደ 12 ሄክታር ማለት ነው። እኛም ትኬታችንን ቆርጠን እንገባለን፤ ዛፍ ሥር ተቀምጠን የቋጠርነውን እንበላለን፤ ማንም ከሌላ ክፍል ስማችንን አይጠራም።

ወፎቹ

ሣሩ ላይ የምታገኟት ነጭ ወፍ ግብፆች «አቡ ቂርዳን» የሚሏት ናት። እኛ አገር ከብት ተከትላ የምትሄደዋ፣ አንዳንዴም በሬው ጀርባ ላይ የምትወጣዋ ነጭ ሳቢሳ ራሷ ናት። እዚህ «የገበሬ ወዳጅ» የሚል ስምም አላት። ከብቱ ሣሩን ሲረግጥ የሚዘለውን ፌንጣና አንበጣ ትለቅማለች። ጊዛ መሃል ግን በሬ የለም። ምን አደረገች? ሣር የሚያጭደውንና ውኃ የሚያጠጣውን አትክልተኛ መከተል ያዘች! እንጀራዋን ባገኘችበት ነው።

ስደትም ታውቃለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአፍሪካ ውቅያኖስ ተሻግራ ደቡብ አሜሪካ ገባች፤ በ20ኛው አጋማሽ ሰሜን አሜሪካ ደረሰች። ማንም አልወሰዳትም፤ በክንፏ ሄደች። መከራም አይታለች። የሳቢሳ ላባ ለአውሮፓ ሴቶች ባርኔጣ በሚፈለግበት ዘመን፣ እዚሁ ግብፅ ውስጥ ታድና ልታልቅ ደርሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ለእርሻ የሚጠቅሙ ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተመልሳ በዛች።

ውኃ ዳር ደግሞ ሌላ ቀጠን ያለች ነጭ ሳቢሳ ብታዩ ምንቃሯንና እግሯን ተመልከቱ። አቡ ቂርዳን ምንቃሯ ቢጫ፣ አንገቷ አጠር ያለ ነው። ቀጭኗ ግን ምንቃሯም እግሯም ጥቁር ሆኖ፣ ጣቶቿ ብቻ ቢጫ ናቸው፤ ቢጫ ካልሲ ያደረገች ነው የምትመስለው። ይቺኛዋ ዓሣ ስለምታድን የአባይ ዳር ይሻላታል።

ሦስተኛዋን ወፍ ጣሪያ ላይ ባለች ክፍል የምታድሩ ሰዎች ሳታዩዋት ታውቋታላችሁ። በሌሊት እየፈጠነች የምትጮኸዋ ከረዋን ናት። ረጃጅም እግር፣ ትልልቅ ቢጫ ዓይን ያላት፣ መልኳ አፈር የመሰለ ወፍ ናት፤ ካይሮ ውስጥ ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ሳይቀር እንቁላሏን ትጥላለች። ግብፆች ይወዷታል። ጣሃ ሑሴን እ.ኤ.አ. በ1934 ያሳተመው ታዋቂ ልቦለድ ርእስ የከረዋንን ጥሪ የሚጠራ ነው፤ ታሪኩም በሰው ቤት ስለምታገለግል ልጅ ነው። ቀን ላይ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጣ ብታገኟት ከሩቅ አንስታችሁ እለፉ፤ እንቁላል ታቅፋ ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ሰው ነጯን ሳቢሳ እያየ «የፈርዖኖቹ ወፍ ይቺ ናት» ሲል ትሰማላችሁ። አይደለችም። የፈርዖኖቹ ወፍ አይቢስ የምትባለዋ ናት፤ ገላዋ ነጭ፣ ራሷና አንገቷ ጥቁር፣ ምንቃሯ እንደ ማጭድ የጎበጠ። የጥንት ግብፆች ቶት የሚሉት የጥበብና የጽሕፈት አምላካቸው ወፍ አድርገዋት፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን በጨርቅ ጠቅልለው በሰቃራና በቱና ኤል ገበል ከመሬት በታች ቀብረዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከግብፅ ጠፋች። የት ነው ያለችው ታዲያ? እኛ ዘንድ! ዝዋይ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ያውቃታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የደረሰው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ የአገሩ ሰው «አቡ ሐነስ» እንደሚላት ጽፎ፣ የጥንቶቹ ግብፆች ወፍ ይቺው ናት ብሏል። ኩቪዬ የተባለው የፈረንሳይ ሊቅም የተጠቀለሉትን ወፎች አጥንት መርምሮ ይህንኑ አረጋገጠ። ስለዚህ ኦርማን ውስጥ ስለ አይቢስ ለልጆቹ የሚያብራራ አባት ብታገኙ፣ «እኛ አገር በሕይወት አለች» በሉት።

አነሳሱ

ውድ ካሜራ አያስፈልግም። የያዛችሁት ስልክ ይበቃል፤ እነዚህን ብቻ አስታውሱ።

መጀመሪያ ሌንሱን ጥረጉ። ወጥ ቤት የዋለ ስልክ ዘይት አለበት፤ ፎቶው ሁሉ ጭጋግ የሚመስለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ሁለተኛው የነጭ ነገር ነው። ቀትር ላይ ነጠላ ለብሳችሁ የተነሳችሁት ፎቶ ጥለቱ እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ። ነጭ ወፍም እንደዚያው ነው፤ ላባዋ ሁሉ እንደ ኖራ ግድግዳ አንድ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ወፏን በጣታችሁ ንኩ፤ በብዙ ስልኮች የፀሐይ ምልክት ይመጣል፤ ወደ ታች ጎትቱት። ሣሩ ጠቆር ይላል፣ ላባዋ ግን አንድ በአንድ ይታያል። ሰዓቱም ጠዋት ወይም ወደ ማታ ይሁን፤ ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትሁን።

ሦስተኛ፣ በሁለት ጣት እየከፈታችሁ አታቅርቡ። ስልኩ አያቀርብም፤ ምስሉን ነው የሚለጥጠው። ቅርበቱ በእግራችን ይምጣ። ግን ቀጥ ብላችሁ አትሂዱባት፤ ወደ ሌላ ቦታ እንደሚሄድ ሰው በጎን በኩል ቀስ እያላችሁ ጠጋ በሉ፣ ከዚያ ቁጭ በሉ። ከተማ የለመደች ወፍ ስለሆነች ራሷ ትመጣለች። አትክልተኛው ውኃ ሲለቅ ካገኛችሁ ደግሞ በቃ፣ እዚያው ጠብቁ።

አራተኛ፣ ዝቅ በሉ። ቆመን ከላይ ስናነሳት ሣር ላይ የወደቀ ላስቲክ ነው የምትመስለው። ተቀምጠን በዓይኗ ልክ ስናነሳት ግን ራሷን ሆና ትታያለች። ዓይኗ ጥርት ካለ ፎቶው ጥሩ ነው፤ ዓይኗ ከደበዘዘ ሌላው ሁሉ ቢያምር አይረዳም።

አምስተኛ፣ አረማመዷን እዩ። እየተራመደች አንገቷን ታወዛውዛለች፤ ፌንጣ ስታይ ግን ቀጥ ብላ ትቆማለች። ያኔ ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙት፤ ብዙ ስልክ ተከታትሎ ያነሳል፤ ከሃያው አንዱ ይሳካል። ከሚያዝያ ጀምሮ አናቷ፣ ደረቷና ጀርባዋ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ያንን ጊዜ እንዳታሳልፉት።

ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩልን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከሄደ ይቀንሳል።

ጥንቃቄ

የግብፅ የሚኒስትሮች ካቢኔ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 ባወጣው ውሳኔ፣ ግብፃዊም ሆነ ነዋሪ ወይም ቱሪስት ለግል ጥቅሙ በሕዝብ ቦታ ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት ይችላል። ሰውን ግን ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ ማንሳት አይቻልም። በተለይ ልጆችን ተጠንቀቁ። ልጅ ወፏን ሲያባርር ቢያምርም አታንሱ። ከአጥሩ ውጭ ስልካችሁን ኪስ ክተቱ፤ አካባቢው የኤምባሲና የመንግሥት ቤት የሚበዛበት ነው። በሩ ላይ ያለ ጠባቂ «አይቻልም» ካለ አትከራከሩ። ወረቀታችሁን ያዙ። ወረቀት የሌላችሁ ደግሞ ይህ ውሳኔ ከሌላው ጥያቄ እንደማያድናችሁ እወቁ፤ መውጣት አለመውጣቱን እናንተው መዝኑት፤ ማንም አያስገድዳችሁም።

ለወፏም እንጠንቀቅ። ለፎቶ ብለን አናስነሳት፤ ዳቦ አንወርውርላት፤ ጎጆ አጠገብ አንቁም።

ከሣጥናችን ጋር የሚያገናኘው

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍለው ሰው እየቀነሰ ነው። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። አንተዋወቅም፤ ለማያውቁት ሰው ከኪስ ማውጣት ደግሞ ይከብዳል። ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን ሦስት ሳምንት ሙሉ ታማ ተኝታ ነበር። ከእኛ ማንም አላወቀም። ያወቅነው ሆስፒታል ከገባች በኋላ ነው፤ ሣጥኑም ያን ቀን የሚበቃ አልነበረበትም። ይህ የማንም ስንፍና አይደለም፤ እየተፈላለግን የምንገናኝበት ቦታ ስለሌለን ነው።

ዓርብ ዓርብ አሥር ሰው ኦርማን ቢገናኝ፣ አንዷ ስትቀር «የት ሄደች?» ይባላል። ይደወልላታል። ካላነሳች ይኬድላታል። የእኔ ሐሳብ ሥሩ ይሄ ነው፤ ወፏ ሰበባችን ናት።

ሁለተኛው ሐሳቤ የቀን መቁጠሪያ ነው። የእኛ ዓመት አሥራ ሦስት ወር ነው፤ ስለዚህ አሥራ ሦስት ፎቶ እንፈልጋለን፤ ለጳጉሜን ትንሿን እንመርጣለን። በየገጹ የእኛም የፈረንጁም ቀን፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም በዓል ይኖርበታል፤ ከሥሩ የማኅበሩ የድንገተኛ ጊዜ ስልክ። ገበያ አናወጣውም፤ ፎቶ የተፈቀደው ለግል ስለሆነ በዚያ ነገር ውስጥ አንግባ። የዓመት መዋጮውን ላሟላ አባል በስጦታ እንስጥ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ወረቀት መዋጮንም ያስታውሳል፤ ሌሊት ችግር ሲመጣ ቁጥሩንም ያሳያል።

ፎቶ ያነሳው ሰው ስሙ ይጻፍለት፤ አይጻፍብኝ ያለ ደግሞ የአገሩ ስም ይበቃዋል፤ «የደሴዋ»፣ «የጂማው» ተብሎ። ኢጃዛ የሌላችሁም አላችሁ። ከበረንዳ፣ ከጣሪያ፣ ልጆቹን ይዛችሁ በምትወርዱበት መናፈሻ የምታነሱት ይቆጠራል። አቡ ቂርዳን ማምሻውን ተሰልፋ ወደ ማደሪያዋ ዛፍ ስትመለስ ከጣሪያ ላይ ማንም ሊያነሳት ይችላል።

የሚመጣው ዓርብ ጠዋት የኦርማን በር ላይ እንገናኝ። የምትመጡ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ለጸሐፊዋ ስም አስመዝግቡ። እያንዳንዱ ሰው አብሮት የሚሠራ ወይም ጎረቤት የሆነ፣ እስካሁን አባል ያልሆነ አንድ ሰው ይዞ ይምጣ። ቡናውን እኔ በፔርሙዝ ይዤ እመጣለሁ፤ ሲኒ የራሳችሁ።

 ሰላም ያገናኘን።