ዓይንና ሕመም
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጊንጪም ሆነ በጌዶ፣ ሕፃን ክትባት ሲወጋ እናቱ ፊቱን ወደ ደረቷ አዙራ ትጋርደዋለች። ይህን ከመጽሐፍ አልተማረችውም፤ መርፌውን ካየ የበለጠ እንደሚያመው ግን ታምናለች። እኛም ዛሬ የምንመረምረው ይህንኑ ነው፤ ዓይን ያየው ነገር ሕመምን ይለውጣልን?

ብዙዎቻችን ሕመም ከቁስሉ ተነሥቶ እንደ ስልክ መልእክት በቀጥታ አንጎል የሚደርስ ይመስለናል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሕመም መልእክት በሕብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር ባለ ነገር እንደሚያልፍ፣ ከአንጎል የሚወርድ ትእዛዝም ይህን በር ሊከፍተው ወይም ሊዘጋው እንደሚችል አመለከቱ። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ቢታረምም ቁም ነገሩ ጸንቷል፤ አንጎል የሕመም ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ፈራጅም ነው። ፈራጅም እንደ መሆኑ ምስክር ይሰማል፤ ከምስክሮቹም አንዱ ዓይን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት፣ መርፌ እጅን ሲወጋ በፊልም እያዩ እጃቸውን በኤሌክትሪክ የተነኩ ሰዎች፣ ጥጥ ሲነካው ካዩበት ጊዜ ይልቅ ስሜቱ ከፍቶባቸዋል። የእናቶቻችን ልማድ እንግዲህ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ማየት ሁልጊዜ ይጎዳል አንበል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ሌላ ጥናት፣ የገዛ እጃቸውን የተመለከቱ ሰዎች ሌላ ዕቃ ሲመለከቱ ከተሰማቸው ያነሰ ሕመም ተሰምቷቸዋል። ሮጀር ኡልሪክም እ.ኤ.አ. በ1984 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 በሽተኞች መዝገብ አነጻጽሮ፣ በመስኮት ዛፍ ይታያቸው የነበሩት የጡብ ግድግዳ ብቻ ይታያቸው ከነበሩት ይልቅ ብርቱ ማስታገሻ በጥቂቱ እንደ ወሰዱና ፈጥነው ወደ ቤታቸው እንደ ተመለሱ ገልጿል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የሌለ እጅ ወይም እግር ሕመም ነው። በጦርነት ወይም በመኪና አደጋ እግሩ የተቆረጠ ሰው «ጣቶቼ ይቃጠላሉ» ሲል፣ ጎረቤቱ አእምሮው እንደ ተነካ ይቆጥረዋል። ነገር ግን ሰውየው እውነቱን ነው። ራማቻንድራን የተባለው ሐኪም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይህን ሕመም በመስተዋት ማከም ጀመረ፤ በሽተኛው ደኅናውን እጁን በመስተዋት ሲያይ የጠፋው የተመለሰ ይመስለዋል፤ የብዙዎችም ሕመም ይቀልላል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ሕመም በአንጎል ይፈረዳል ማለት ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም። «ይህ የሐሳብህ ፈጠራ ነው» ብሎ በሽተኛን መመለስ በቁስሉ ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው። ከእኛ መካከል ነገ በምዕራብ ሸዋ ጤና ጣቢያዎች ነርስ፣ ሐኪም ወይም በየትምህርት ቤቱ መምህር የሚሆን አለ። ለእነዚህ ሁሉ የምናሳስበው ይህ ነው፤ መርፌውና መቀሱ በበሽተኛው ፊት አይደርደር፤ የሕፃኑ ፊት ወደ እናቱ ይዙር፤ አልጋውም ቢቻል ግድግዳውን ሳይሆን መስኮቱን ይመልከት። መስተዋት መድኃኒትን አይተካም፤ የመስኮት መከፈትም ማስታገሻን አያስቀርም። ነገር ግን ዋጋቸው ጥቂት ነውና፣ ድኻ በሚታከምበት ስፍራ ሊናቁ አይገባም።